ከጥርባ ገደል የተለቀመ እንጆሪ

ጥርባ፣ ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይኸነው፣

አያ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። አጎታችን አዝመራውም ደህና ናቸው። ብቻዬን እንዳላድር ብለው እዚህ ገብተዋል። ያንተ አልጋ ላይ ይተኛሉ፣ ያንኮራፋሉ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እኔ እንዳንኮራፋሁ ይነግሩኛል።

ትናንት አርባህ ወጣ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ሰው እህል ቀምሶ ተበተነ። ጠላው ቀጥኗል ብለው ሲያሙ ሰማኋቸው። አንተም ሰምተህ ከሆነ ስቀሃል። ከገደሉ ካወጡህ ወዲህ ሥሩ ወዳለው ሐይቅ አልሄድኩም። ቅርጫትህን አምጥተው በር ላይ አስቀምጠውት ነበር፣ ዶሮዎቹ በውስጡ የቀረውን እንጆሪ ለቅመው ጨረሱት።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ አሸናፊ መነኸሪያው በር ላይ ጠራኝ። ከአዲስ አበባ እንጅባራ ሚኒባስ የሚነዳው አሸናፊ ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ እማ ደብዳቤዋን ከቤይሩት አገር ቤት በምትገባ ሴት እጅ ትልካለች፣ ከአዲስ አበባ እሱ ያመጣዋል። ፖስታው ላይ የተጻፈው ያንተ ስም ነው። አሸናፊ ስሙን አየ፣ እኔን አየ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከፈትኩት፣ አትቆጣኝ። እማ አልሰማችም። በቀብርህ ማግስት አጎቴ አዝመራው ጎረቤቱን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦ “ማናለብሽ እህቴ ናት። ለእህቴ መርዶ በወረቀት አይላክም። በሰው አገር፣ በሰው ወጥ ቤት ብቻዋን አትረዳም። ለፋሲካ ትመጣለች። ቤቷ ገብታ ታድራለች፣ ጎህ ሲቀድ እህል ውሃ ሳትቀምስ እኛው ከበን እንነግራታለን። እስከዚያ ይኸነው አለ።” ሰው ሁሉ “ልክ ነው” አለ።

ስለዚህ እስከ ፋሲካ አለህ። መልሱን የምጽፈው እኔ ነኝ። “አንተ የተማርክ ነህ፣ አሳምረህ ዋሽ” ብለውኛል። ደብዳቤው ያንተ ስለሆነ ከዚህ ጋር አብሬ አስቀምጬልሃለሁ።

ታናሽህ እንየው

*

ሊባኖስ፣ ተራራው ላይ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለይኸነው፣

አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው፣ የያዝከው ሁሉ ይቅናልህ። ወንድምህ እንየው እንዴት ነው? አሁንም መጽሐፍ እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደዋል? ይኸው እኔ እንደ በቅሎ ስጫንና ስራገፍ ከርሜ እናንተን ብዬ አለሁ።

እዚህ ብርድ ገብቷል። በበጋቸው የለቀምነው እንጆሪና ቱት የሚሉት ፍሬ አሁን ከበረዶ ማቀዝቀዣው እየወጣ ይበላል። ማቀዝቀዣው ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ማዳም አንገት ላይ ነው። ስንለቅምም እንዳንበላ ማታ ማታ ማሳው በር ላይ ትቆምና “ምላሳችሁን አውጡ” ትለናለች። ቀይ ምላስ የተገኘባት ያን ቀን እራት የላትም። እኔ ግን ተይዤ አላውቅም። በልቼ ሲያበቃ ምላሴን በሎሚ እፈትገዋለሁ። እናትህ እንዲህ ናት።

አሁን ወደ ሥራችን እንምጣ። ለቀማው ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ነው። ቅርጫቱን ኮባ ቅጠል አልብሰው፣ ከሁለት ጣት በላይ አትከምር፣ የላዩ የታቹን ይጨፈልቀዋል። አትጠበው። ውሃ የነካው እንጆሪ ለነገ አይደርስም። ብልቃጡን ከነክዳኑ ቀቅለህ፣ በትኩሱ ሙላ፣ በትኩሱ ክደን፣ ገልብጠህ አሳድረው። ጠዋት ካላፈሰሰ ዓመት ይቆያል።

ባለፈው የነገርኩህን አደረግክ? ዙሪያው ሁሉ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ተተከለ፣ የአጥሩ እንጆሪ ለእሱ ቦታ ተብሎ ተመነጠረ አልከኝ። ታዲያ በገደሉ ወደ ሐይቁ ዳር ውረድ አልኩህ እኮ። ገደሉ ውስጥ ያለውን ማንም አይነካውም። እኔ ልጅ ሳለሁ በቀሚስ ወርጄ ለቅሜያለሁ፣ አንተ ሱሪ ታጥቀህ ትፈራለህ? እንየውን አትላከው፣ እሱ ዓይኑም እግሩም ሰነፍ ነው፣ ይማር።

ለፋሲካ ስመጣ መደርደሪያው ሞልቶ ልየው። ያን ለእንጅባራ እንግዳ ማረፊያዎች ማስረከብ ከጀመርን ሁለተኛ የሰው ወጥ ቤት አልገባም። እዚያው ከናንተ ጋር አረጃለሁ። አንተ ደግሞ “አንቺ ሴትዮ፣ ተነሽ ከፀሐዩ” እያልክ ታበሽቀኛለህ።

ሴትዮህ ማናለብሽ

*

ጥርባ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እማ፣ እንደምን አለሽልኝ? ፈጣሪ ድካምሽን ያቅልልሽ፣ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። አጎቴ አዝመራውም ሰላም ይሉሻል።

ደብዳቤሽ ደርሶ አንብበነዋል። ይኸነው እጁን እሾህ ወግቶት ስላበጠ መጻፍ አልቻለም። ለዚህ ነው እኔ የምጽፍልሽ። ደህና ነው። ብዙ አይናገርም፣ አመሉን ታውቂያለሽ።

አንድ ብልቃጥ እንጆሪ ልኬልሻለሁ። አሸናፊ ለተጓዥ ሴት ሰጥቼልሃለሁ ብሎኛል። የተለቀመው ከመንገዱ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ነው፣ ብዙ አልተገኘም። ይኸነው ጠይቃት ያለኝ ነገር አለ፦ ሲቀቀል መብሰሉ በምን ይታወቃል? አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ድስቱ ላይ ይጣበቃል። እኔ እያየሁት አልነበረም፣ እሱ ሲሠራ እኔ አጠና ነበር።

ሐይቁ ዳር ስላለው እንጆሪ ጠይቀሽ ነበር። ይኸነው ወርዷል። እንዳዘዝሽው አድርጓል።

የአስረኛ ክፍል ፈተና ደህና ሠራሁ። ከክፍሌ አራተኛ ወጣሁ። ለፋሲካ ቀኑን አስታውቂን፣ አጎቴ አዝመራው በጣም እየጠበቁሽ ነው። ጎረቤቱም ሁሉ ይጠብቅሻል።

ልጅሽ እንየው

*

ሊባኖስ፣ የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጆቼ፣

ቸሩ አምላክ እንደ አጥር ይክበባችሁ። ጤናችሁን ስሰማ ወገቤ ቀና አለ።

ብልቃጡ ደረሰ። ልክ ስከፍተው አረፋውን ጣሪያ ላይ ተፋው። ማዳም ቦንብ መስሏት ልጆቿን ይዛ ከጠረጴዛ ሥር ገባች። ጣሪያውን ስፈትግ ዋልኩ። እንየው፣ ይህ ያንተ እጅ ነው፣ አትዋሸኝ። ይኸነው ብልቃጥ ሳይቀቅል አይሞላም። ይኸነው የሠራው አይፈላም። ያንተ እንጆሪ ጠላ ሆኖ ነው የመጣው። ለማኅበር ብትልከው ይሻልህ ነበር።

መብሰሉ እንዲህ ይታወቃል፦ ጠብታ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርገህ በጣትህ መሐሉን ግፋው። ከተሸበሸበ በስሏል። ወዲያው ከተገናኘ አልበሰለም። ይህን ለይኸነው አምና ነግሬዋለሁ። ዛሬ ምን ሆኖ ነው ጠይቃት የሚልህ? ረሳ?

አሁን ይህን ለወንድምህ ጮክ ብለህ አንብብለት። አንተ ይኸነው፣ እጅህ ካበጠ አፍህ አብጧል? ለዚህ ፈዛዛ ወንድምህ እየነገርክ አታስጽፍም? ሴት ነች አይደል? ንገረኝ፣ አልገድልህም። የአዲስ ቅዳም ልጅ ናት? ያቺ ከሰል ጫኝ መኪና ላይ ተቀምጣ የምትሄደው? ጥርሷ ጥሩ ነው፣ አይቻታለሁ። ግን ጥርስ ብልቃጥ አይሞላም። እናትህ እዚህ ምላሷን እያወጣች አንተ እዚያ ጥርስ ትቆጥራለህ።

ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ ካንተ ጋር አወራለሁ። ማዳም ከማን ጋር ነሽ ትለኛለች። ከልጄ ጋር እላታለሁ። አብዳለች ብላ ለባሏ ነግራዋለች።

እንግዲህ ለፋሲካ ለመምጣት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ማዳም ወይ ሂጂ ወይ ለሁለት ዓመት ፈርሚ ብላኛለች፣ መልሴን ትጠብቃለች። እኔ የምመጣው ለይኸነው ነው። ስለዚህ በራሱ እጅ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ነይ ካለኝ እመጣለሁ። በግራ እጁም ቢሆን፣ በእግሩም ቢሆን ይጻፍ።

እንየው፣ አራተኛ መውጣትህ ጥሩ ነው። ፊትህ ያሉት ሦስቱ እነማን ናቸው?

እናታችሁ

*

ጥርባ፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እማ፣ ጾሙን በሰላም አስጀምሮሽ በሰላም ያስፈጽምሽ። እኛ ደህና ነን።

ስለ ብልቃጡ ይቅርታ። ሳህኑ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ አሁን ይሸበሸባል። አራት ብልቃጥ ገልብጬ አሳደርኩ፣ አንዱ ብቻ አፈሰሰ። የተረፉት መደርደሪያው ላይ ናቸው።

ይኸነው ሴት አልያዘም። ለሥራ ግምጃ ቤት ከተማ ሄዶ ስለነበር ነው ያልጻፈልሽ። አሁን ጽፏል። አጎቴ አዝመራው እንዳየውም ይመሰክራሉ። ይኸው ከዚህ በታች ነው።

“ይድረስ ለውድ እናቴ። እማ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ። እጄም ድኗል። ለፋሲካ ነይ። አትፈርሚ። ሁላችንም እንጠብቅሻለን። ልጅሽ ይኸነው።”

እንየው

*

ሊባኖስ፣ መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለይኸነው፣

ምርቃት አልጽፍልህም፣ አላሰኘኝም።

ያን ጽሑፍ ያንተ ነው ብዬ እንድቀበል ነው? ይኸነው በሕይወቱ እማ ብሎኝ ያውቃል? ጡት ከጣልክበት ጀምሮ “አንቺ ሴትዮ” ነህ። በሰው ፊት “አንቺ ሴትዮ”፣ ስታመም “አንቺ ሴትዮ”። ወንድምህ ፊደሉን አስመስሏል፣ የ“ይ” ጭራህን ሳይቀር ስቧል። ግን እሱን አስቀምጠህ ያስጻፍከው ነገር ነው። ለእናትህ ሁለት መስመር መጻፍ ደክሞህ ለታናሽህ አዘዝክ። አዝመራው ደግሞ ምስክር ሆኑ። እሳቸውም አብረው ያላግጡብኛል።

እኔ እዚህ ማንም የለኝም። አንድ ያንተ ወሬ ነበረኝ። ምሳ ስሠራ አስብሃለሁ፣ ልብስ ስተኩስ አስብሃለሁ። አንተ ለኔ እጅህ ከበደህ።

ትናንት ፈረምኩ። ሁለት ዓመት። አልመጣም። መደርደሪያውን በፈለግከው ሙላው።

ይህንም ስማ። እናቱን ቃል የነፈገ ልጅ የእናት ጡት ይፍረድበት። የረገጥካት መሬት ትክዳህ። ስትጠራ የሚሰማህ አታግኝ። ይህን ጾም ላይ ሆኜ ነው የምለው።

ማናለብሽ

*

በፖስታው ላይ፦ ለወ/ሮ ማናለብሽ። ጎህ ሲቀድ፣ እህል ውሃ ሳይቀመስ የሚከፈት።

ጥርባ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

እማ፣

ተቀምጠሽ አንብቢው። ግድግዳ ተደገፊ።

ይኸነው ሞቷል። የሞተው ታኅሣሥ ላይ ነው። የጥርባን ገደል እንጆሪ ሊለቅም ወርዶ ወደቀ። ሐይቁ ላይ ሣር ያጭዱ የነበሩ ሰዎች ሲጮህ ሰምተዋል። ሲደርሱ ግን አልቆ ነበር። እኔ ያን ቀን ፈተና ላይ ነበርኩ። ቅዳሜ በጠዋት ቀበርነው።

አጎቴ አዝመራው አትንገራት አሉ። መርዶ በወረቀት አይላክም፣ ስትመጣ ከበን እናረዳታለን አሉ። ሰውም ተስማማ። እኔም ሕጉ ነው ብዬ ዋሸሁ። አሁን ግን አትመጪም። ፈርመሻል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸነውን እያስነሣሁ፣ ሰላም ብሎሻል እያልኩ አልጽፍም።

ያንን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጎቴ “በእጁ አስመስለህ ነይ በላት፣ እንድትመጣና እንድንነግራት” አሉኝ። ደብተሩን ፊቴ ዘርግቼ አንድ ምሽት ተለማመድኩ። ፊደሉን ሠራሁት። “አንቺ ሴትዮ” ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶዬን አነሣሁና አልቻልኩም። ያንን ቃል ከሱ መውሰድ አቃተኝ። በኔ አፍ የሚመጣው እማ ነው። ስለዚህ እማ አልኩ። ብጽፈው ኖሮ አምነሽ ትመጪ ነበር። ይህንንም እወቂው።

የመጨረሻ ደብዳቤሽን ሳልጨርስ ወጥቼ በረት ውስጥ ተቀመጥኩ። የረገጥካት መሬት ትክዳህ ብለሽዋል። ከድታዋለች እማ። እርግማንሽ ሳይደርስ ቀድማ ከድታዋለች። ስትጠራ የሚሰማህ አታግኝ ብለሽዋል። ሰምተውት አልደረሱለትም፣ ከላይ ነግሬሻለሁ።

ወደ ገደሉ ውረድ ያልሽው አንቺ ነሽ። ደብዳቤዎችሽ እኔ ዘንድ አሉ። ከሞተ በኋላ በደረሰው ሳይቀር ሱሪ ታጥቀህ ትፈራለህ ብለሽዋል። እንየውን አትላከው፣ እግሩ ሰነፍ ነው ብለሽዋል። ይህን የምጽፈው እንድታለቅሺ አይደለም። ማን እንዳወረደው ጎረቤት ሲጠይቀኝ ዝም ያልኩት አንቺን ብዬ ነው። ዝምታው ከበደኝ። እኩሌታውን ውሰጂ።

እርግማኑን አንሺለት። በምድር ያለው ሰው ሁሉ ቢለምን አይነሣም፣ አንቺ ብቻ ነሽ የምታነሺው። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

እንየው

*

ሊባኖስ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

እንየው፣

ፖስታው ላይ ያለውን ሳይ ገባኝ። እህል ሳይቀመስ ይላል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያን ቀን ሳልከፍተው ብብቴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። ማን ይሆን እያልኩ። ወንድሜ አዝመራው ይሁን ብዬ ጸለይኩ። ቆይቼ አንተ ሁን ብዬ ጸለይኩ። ይህን የምጽፍልህ እኔም መዋሸት ስላንገፈገፈኝ ነው። ያን ቀን ሙሉ አንተን ቀበርኩህ፣ ይኸነው ሲያጽናናኝ ዋለ።

ጎህ ሲቀድ ወጥ ቤት ውስጥ ከፈትኩት። እዚህ የእንጆሪ ወቅት ነው። ትልቁ ድስት ምድጃ ላይ ነበር። ጮኽኩ። ማዳም ወርዳ “ልጆቹን አስፈራሽ፣ ዝም በይ” አለችኝ። ልጄ ሞተ አልኳት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ “ሐዘን ነው፣ ግን እንጆሪው እንዳያርርብሽ” አለችኝ። አማሰልኩት። ለቅሶ የደረሰኝ ያ ድስት ነው። ደረት ስመታ ማማሰያው በእጄ ነበር። ሰውን ከበው የሚያረዱት ለምን እንደሆነ አሁን አወቅሁ። አዝመራው ልክ ነበር። አንተ ጨካኝ ነህ።

እኔ ነኝ ያወረድኩት። እሺ። እኩሌታውን ሳይሆን ሁሉንም ወስጃለሁ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከገደሉ በላይ ትምህርት ቤት፣ ከገደሉ በታች ወንድምህ። የሚወርድ ሰው ብቻውን አይወርድም፣ ገመድ የሚይዝለት ይፈልጋል። ለምን አልያዝክለትም? ለምን አንተ አልወረድክም? አንተ ቀላል ነህ፣ ሥጋ የለህም፣ ቅርንጫፍም ይሸከምህ ነበር። ይህን ጽፌ ልሰርዘው ብዬ ነበር። አልሰረዝኩትም።

እርግማኑን አንሥቻለሁ። ተንበርክኬ አንሥቻለሁ። መሬት ትቅለለው።

የፈረምኩትን ማዳም አትቀድድልኝም። ሁለት ዓመት ነው። ፓስፖርቴ እሷ ዘንድ ነው። አትጻፍልኝ ለጊዜው።

ማናለብሽ

*

ጥርባ፣ ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

እማ፣

አትጻፍልኝ ብለሽ ነበር። ይህን ብቻ ልጽፍና አቆማለሁ።

እርግማኑን ስላነሣሽለት እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ መቃብሩ ሄጄ ነገርኩት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ማታ ነው። አጎቴ አዝመራው አንብብልኝ አሉ። መጀመሪያ እምቢ አልኩ። “እህቴ ናት፣ አንብብ” አሉ። አነበብኩላቸው። “ወንድሜ አዝመራው ይሁን” የሚለው ጋ ስደርስ ቀና አሉ። አንብቤ ስጨርስ ጠየቁኝ፦

“መርዶውን በወረቀት ላክኸው?”

“አዎ።”

“እኔን ሳታማክር?”

“ባማክርዎት እምቢ ይሉኝ ነበር።”

“ብቻዋን አረዳሃት። ከድስት ጋር አስለቀስካት።” ጋቢያቸውን ከይኸነው አልጋ ላይ አነሡ። “እኔ አምስት ወር ያጠርኩትን አንተ በአንድ ወረቀት አፈረስከው። ከእንግዲህ ወንድ ነህ፣ ብቻህን እደር።” በሩ ላይ ቆመው ደግሞ “እሷም እኔን ቀብራኛለች፣ ሁለታችሁም አንድ ናችሁ” አሉና ወጡ። እኔ በሩን አልቆለፍኩም፣ ይመለሳሉ ብዬ። አልተመለሱም።

እንግዲህ ዛሬ ብቻዬን ስነቃ የመጀመሪያዬ ነው። ይኸነው ሲሞት ሰው ነበር፣ ከዚያ አጎቴ ነበሩ። ዛሬ ማንም አልነበረም። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ። የምበላውን ፈልጌ ቆሎ አገኘሁ። ዩኒፎርሜን ለበስኩ። ደብተሬን ያዝኩ። ወደ እንጅባራው መንገድ መውጣት ሲገባኝ ግን እግሬ ወደ ሐይቁ ሄደ።

ለምን አንተ አልወረድክም ብለሻል። ወረድኩ።

ገመድ አልያዝኩም፣ የሚይዝልኝም አልነበረም። መጀመሪያ በፀሐይ መውጫ በኩል በዲከረንሱ መሐል አልፌ ጠርዙ ላይ ቆምኩ። ይኸነው በዚያ በኩል ነው የወረደው ይላሉ፣ ድንጋዩ ቀጥ ያለ ነው። እኔ ዞር ብዬ ትንሽ ራቅ ስል ከብት የሚወርድበት መንገድ አገኘሁ። እማ፣ እውነቱን ልንገርሽ። መንገዱ ቀላል ነው። እጄን ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያስነካሁት። ልጅ ይወርደዋል። አንቺ በቀሚስ ወረድኩ ያልሽው በዚህ ይሆናል። እሱ ግን ይህን አላየውም፣ ወይም ፈጥኖ ለመድረስ አቋርጧል። በየት ውረድ እንዳላልሽው ደብዳቤዎችሽን ደግሜ አይቻለሁ። አልጻፍሽለትም። ታውቃላችሁ ብለሽ ነው፣ እኔ ግን አላውቅም ነበር፣ እሱም አላወቀም። ይህ ለአንቺ ይሻል አይሻል እኔ አልገባኝም። ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ታች ስደርስ ይኸነው ወደቀ የሚያሰኝ ምንም ነገር አልነበረም። ሣሩ በቅሏል። ውሃው ዳር እርጥበት ስላለ እንጆሪው አሁንም አፍርቷል፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ማንም ስላልነካው ቅርንጫፉ ጎብጦ መሬት ነክቷል። የደረቀው ከሥር፣ ጥቁሩ ከላይ፣ ቀዩ ጫፉ ላይ። እንዲህ ያለ እንጆሪ አይቼ አላውቅም። ደብተሬን ከላስቲክ ቦርሳዬ አወጣሁና ኮባ ፈልጌ ቦርሳው ውስጥ አነጠፍኩ። ጤዛው እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ከሁለት ጣት በላይ አልከመርኩም። እሾሁ ሲወጋኝ በቋንቋችን በአዊኛ ተሳደብኩ፣ ድምፄ ከዚያ ማዶ ተመልሶ መጣ። ትንሽ ደነገጥኩ። ከዚያ ደግሜ ተሳደብኩ።

ቦርሳው ሲሞላ ወጣሁ። ማንም አልያዘኝም፣ ማንም አልገፋኝም።

ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቷል። አርፋጆቹ አሸዋው ላይ ተንበርክከዋል። እኔም ተንበረከክሁ። ዘበኛው አጠገቤ ቆሞ “አንተ ደግሞ የት ነበርክ?” አለኝ።

“እንጆሪ ለቀማ።”

“እጅህን አሳይ።” አሳየሁት። እስከ ክርኔ ቀይ ነበር። ወንድሜን ያውቀው ነበር፣ እንጆሪ ሲሸጥ እዚህ በር ላይ ይቀመጥ ነበር። ቦርሳውን ከፍቶ አየና አንድ አንሥቶ አፉ ውስጥ ጨመረ።

ከጎኔ የተንበረከከ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ “ጋሽ ዘበኛ፣ የምንቀጣው እኛ፣ የሚበላው ቀጪው ነው?” አለ። ሳቁ። ዘበኛው ቦርሳውን መሐላችን አስቀመጠው። ተንበርክከን፣ እጃችንን በዩኒፎርማችን እየጠረግን በላን። አንዷ ልጅ አፏ ሞልቶ “ነገም አርፍድ” አለችኝ። ሳቅሁ። ታኅሣሥ ካለፈ ወዲህ ስስቅ ይህ መጀመሪያዬ ነው፣ ሲጣፍጠኝም እንዲሁ። ላፍርበት ይገባኝ እንደሆነ አላወቅሁም።

ደወሉ ሲደወል ቦርሳው ውስጥ ቅጠሉ ብቻ ነበር። በብልቃጥ የሚቀመጥ አልተረፈም።

እንየው